ኔትወርኩ ሲጠፋ ራውተሩን ከመንቀልሽ በፊት

ጥያቄ፦ «በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ 2 ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን ሥራዬ ፕሪንተር ማስተካከል፣ ዊንዶውስ መጫን፣ የሠራተኛ ፓስወርድ መቀየር ነበር። ኔትወርኩን ይይዝ የነበረው ባልደረባዬ ሥራ ለቀቀና ቦታው ለእኔ ተሰጠኝ። ወደ 80 ኮምፒውተር አለ። የአይቲ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ርክክብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተሰጠኝ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍና ፓስወርድ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። አንዳንድ ጠዋት ግማሹ ሰው ኢንተርኔት የለም ይላል፣ ለግማሹ ደግሞ ይሠራል። ራውተሩን ነቅዬ ስሰካው ይስተካከላል፤ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ሲሲኤንኤን፣ ማለትም የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን የሲስኮን የሙያ ፈተና፣ ልፈተን? ወይስ ቀድሜ ሌላ ነገር ልማር? ጓደኞቼ ደግሞ ኔትወርክ ያለቀለት ሙያ ነው፣ ክላውድ ተማሪ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ፈተናውን ለጊዜው አቆይው። መጀመሪያ የጠዋቱን ብልሽት እንያዝ። እሱን በሥርዓቱ ፈልገሽ ስታገኚ የምትማሪው ነገር ለፈተናውም ለሥራ ቃለ መጠይቁም ስንቅ ይሆንሻል።

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «ለግማሹ ይሠራል» የምትለዋ ናት። ከውጭ የሚገባው መስመር ቢቋረጥ ኖሮ ሁሉም ነበር የሚጮኸው። ስለዚህ መስመሩ አለ፣ ራውተሩም እየሠራ ነው። ሁለተኛው ፍንጭ ራውተሩ ተነቅሎ ሲሰካ ችግሩ መጥፋቱና ከቀናት በኋላ መመለሱ ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ ሲኖር እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀስ በቀስ እየሞላ ያለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ ዲኤችሲፒ ነው። አንድ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል። የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ፑል ከሚባለው ክምችት አንድ አይፒ አድራሻ አውጥቶ በሊዝ ይሰጠዋል። በእናንተ መሥሪያ ቤት ይህን የሚሠራው ምናልባት ራሱ ራውተሩ ነው። የሊዙ ጊዜ እስኪያልቅ ያ አድራሻ ለሌላ አይሰጥም። ጊዜው እንደ ዕቃው ይለያያል። ካልተቀየረ በስተቀር ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ 8 ቀን፣ ሲስኮ ራውተር ላይ 1 ቀን ነው።

እስቲ እናስላው። ፑሉ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ነው እንበል። 100 አድራሻ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ 80 ስለሆነ ይበቃል ትያለሽ። ስልኩስ? ዋይፋይ ካለ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን ያገናኛል። ፕሪንተር አለ፣ ካሜራ አለ፣ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ የመጣ እንግዳ አለ። እንግዳው ከሄደ በኋላም አድራሻው በስሙ ተይዞ ይቆያል። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ባለቤታቸው እንዳይታወቅ ብለው ማክ አድራሻቸውን፣ ማለትም የኔትወርክ መለያ ቁጥራቸውን፣ ይቀያይራሉ። ሰርቨሩ አዲስ ስልክ የመጣ ይመስለውና ሌላ አድራሻ ይሰጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፑሉ ያልቃል። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ያገኛል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይቀራል።

ታዲያ መንቀሉ ለምን ይሠራል? ብዙ ትንንሽ ራውተሮች የሊዙን ዝርዝር የሚይዙት በጊዜያዊ ሜሞሪ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ይረሱታል። ሲነሱ ፑሉ ያልተነካ ይመስላቸውና እንደገና ማደል ይጀምራሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሳይጠፋ ያደረ ኮምፒውተር የያዘውን አድራሻ ለሌላው ሊሰጡት ይችላሉ። ያኔ ሁለቱም ላይ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። «አይፒ ተጋጨ» የሚል ማስጠንቀቂያ አይተሽ የምታውቂ ከሆነ ምንጩ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግን ገና ግምት ነው። ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሲጮህ ወደ ራውተሩ አትሩጪ። እንቢ ያለው ኮምፒውተር ጋ ሂጂ። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትዕዛዝ ከ«ኦል» አማራጩ ጋር ጻፊ። ከዚያ አድራሻውን አንብቢ።

በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ጠርቶ የሚመልስለት አጥቷል። ያንን አድራሻ ለራሱ የሰጠው ራሱ ዊንዶውስ ነው። ወይ ፑሉ አልቋል፣ ወይ ከኮምፒውተሩ እስከ ሰርቨሩ ያለው መንገድ ተበጥሷል። ሁለቱን ለመለየት ከፑሉ ውጭ የሆነና ማንም ያልያዘው አድራሻ በእጅሽ ስጪው። ጌትዌዩን፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚያወጣውን የራውተሩን አድራሻ፣ እና ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን ሰርቨር፣ አብረሽ አስገቢ። ከሠራ መንገዱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ከዲኤችሲፒው ጋር ነው። አሁን ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ የሊዝ ዝርዝሩን ቁጠሪ። 100 ከ100 ካየሽ ነገሩ አለቀ። ስትጨርሺ ኮምፒውተሩን ወደ አውቶማቲክ መመለስ አትርሺ። የተረሳ የእጅ አድራሻ ከወራት በኋላ ሌላ እንቆቅልሽ ይሆንብሻል።

አድራሻው የእናንተ ያልሆነ ቢሆንስ? ለምሳሌ ቤቱ በሙሉ 192.168.1 ሆኖ ይሄኛው 192.168.0 ቢል? እንግዲያው አንድ ሰው ዋይፋዩ እንዲጠነክርለት ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ጠረጴዛው ሥር ሰክቷል። ያ ራውተር ሳይጠየቅ አድራሻ እያደለ ነው። እዚያው ስክሪን ላይ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚል መስመር አለ፤ አድራሻውን የሰጠው ማን እንደሆነ ይነግርሻል። የእሱን ማክ አድራሻ በ«ኤአርፒ» ትዕዛዝ አግኚው። ከዚያ ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች የማክ ሰንጠረዥ ውስጥ በየትኛው ፖርት እንደመጣ ፈልጊና ገመዱን ተከተይ። ስዊቹ ማኔጅድ፣ ማለትም ቅንብሩ የሚቀየር ዓይነት፣ ከሆነ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን አብሪ። ከታመነው ፖርት ውጭ አድራሻ የሚያድል ሁሉ ይታገዳል። ይሄን ሁለተኛ ያደረግኩት ዋናውን ራውተር መንቀል እንዲህ ያለውን ችግር ስለማይፈታ ነው።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት ሂጂ። መጀመሪያ ጌትዌዩን ፒንግ አድርጊ፣ ማለትም «አለህ?» ብለሽ መልስ ጠብቂ። ቀጥሎ ውጭ ያለውን የጉግል 8.8.8.8ን። ቀጥሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ዲኤንኤስ ነው።

ፑሉ መሆኑ ከተረጋገጠ በዚያው ቀን የሚሠራው ሥራ የሊዙን ጊዜ ማሳጠር ነው። ስልክና እንግዳ ለሚበዛበት ዋይፋይ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። ፑሉ ውስጥ ያልገባ ነፃ አድራሻ ካለም ጨምሪበት። በ/24 ሰብኔት (የአንድ ኔትወርክ የአድራሻ ክልል) ውስጥ ለዕቃ የሚሰጥ 254 አድራሻ አለ፤ ብዙ ቦታ ግማሹ ያለ ምክንያት ተዘግቶ ይቀመጣል። ሰብኔቱን ወደ /23 ማስፋትም ይቻላል፣ 510 ይደርሳል። እኔ ግን አልቸኩልበትም። የክልሉን ስፋት የሚወስነው ማስክ ሲቀየር በእጅ አድራሻ የተሰጣቸው ፕሪንተሮችና ሰርቨሮች ላይ ሁሉ መቀየር አለበት። አንዱ ከተረሳ «ለእሷ ያትማል፣ ለእኔ አያትምም» የሚል አዲስ ሮሮ ይመጣል። ዘለቄታ ያለው መፍትሔ የእንግዳውንና የስልኩን ዋይፋይ በራሱ ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ተለይቶ የሚሠራ ኔትወርክ)፣ በራሱ ፑል መለየት ነው። ለዚህ ማኔጅድ ስዊችና ቪላን የሚያውቅ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ያስፈልግሻል። ለደህንነትም የሚሻለው ይሄ ነው። የእንግዳ ስልክ የሒሳብ ክፍሉን ሰርቨር ማየት የለበትም።

አሁን ወደ ወረሽው ኔትወርክ እንምጣ። የማታውቂውን ኔትወርክ «ላስተካክል» ብለሽ አትነካኪው። ከሊዙ ጊዜና ከፓስወርዶቹ በስተቀር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አትቀይሪ። መዝግቢ ብቻ። ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ከመስመሩ መግቢያ ጀምሪ። የኢንተርኔት አቅራቢው መስመር ቁጥር ስንት ነው፣ ሲበላሽ ማን ጋ ይደወላል? ራውተሩ ምን ሞዴል ነው? ስንት ስዊች አለ፣ የቱ ከየቱ ጋር ተያይዟል? ሲስኮ ስዊች ከሆነ «ሾው ሲዲፒ ኔበርስ» የሚለው ትዕዛዝ ጎረቤቱን ይነግርሻል። የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ኤልኤልዲፒ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ገመዶቹ ከሚሰበሰቡበት ፓች ፓነል የሚወጣውን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ለጥፊበት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በእጅ የተሰጡ አድራሻዎችን ግን ከሁሉም በላይ ጥንቅቅ አድርገሽ ጻፊ። በድንገት ሁለት ዕቃ የሚጋጨው እነሱ ላይ ነው።

ፓስወርዶቹን ቀይሪ። የሄደውን ባልደረባሽን ስለምትጠረጥሪው አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ የእሱም ስም እንዳይነሳ ይጠቅመዋል። ከቤት የሚገባበት ቪፒኤን ወይም የርቀት መቆጣጠሪያ ካለም ዝጊው። አዲሱን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ሳይሆን ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ አስቀምጪ፣ አለቃሽም የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። አንቺ ታመሽ ስትቀሪ ቤቱ መቆም የለበትም።

ከዚያ የእያንዳንዱን ራውተርና ስዊች ኮንፊገሬሽን ባክአፕ ያዢ። ከኔትወርኩ ውጭም አንድ ቅጂ ይኑርሽ። ስዊቹ ሲቃጠል አዲስ መግዛት ይቻላል። ውስጡ የነበረውን ግን ማንም አይሸጥልሽም።

መቀየር ስትጀምሪ ደግሞ አንድ በአንድ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ቀይረሽ ኔትወርኩ ቢወድቅ የትኛው እንደጣለው አታውቂም። ሰዓቱን ጻፊ፣ የነበረውን ጻፊ፣ ካልሆነ እንዴት እንደምትመልሺው ቀድመሽ ጻፊ። በርቀት ሆነሽ ሲስኮ ራውተር ላይ የምትሠሪ ከሆነ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» በይው። ተሳስተሽ ራስሽን ብትቆልፊ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ በድሮው ኮንፊገሬሽን ይነሳል። ሁሉ ነገር ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» ብለሽ ታስቆሚዋለሽ፣ ከዚያ ብቻ ሴቭ ታደርጊያለሽ። ቀድመሽ ሴቭ ካደረግሽ ግን ስህተቱም አብሮ ስለሚቀመጥ ሪሎዱ ዋጋ የለውም። ጁኒፐር በሚባለው ኩባንያ ዕቃ ላይ ያለው «ኮሚት ኮንፈርምድ» ይህንኑ በተሻለ መንገድ ይሠራል። ካላጸደቅሽው በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ይህ ለትልልቆቹም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፉት በጥገና ወቅት በተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ነው። የዳታ ሴንተሮቻቸውን የሚያገናኘው ዋና መስመር ተቋረጠ። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቻቸው ከመስመሩ መቆረጣቸውን ሲያዩ «እኛ እዚህ ነን» ብለው ለሌሎች ኔትወርኮች መንገድ የሚያሳዩበትን የቢጂፒ ማስታወቂያቸውን አነሱ። ኢንጂነሮቹ በርቀት ገብተው እንዳያስተካክሉ የራሳቸው መሣሪያም በዚያው ኔትወርክ ላይ ነበር። በአካል ወደ ዳታ ሴንተር መሄድ ግድ ሆነ። ለአንቺ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። ኔትወርኩ ሲሞት የምትገቢበት ሌላ በር ይኑርሽ። ኮምፒውተርሽን ከዕቃው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የኮንሶል ገመድ ግዢና መሳቢያሽ ውስጥ አኑሪው። ከመቸገርሽ በፊትም አንዴ ሞክሪው። ሲስኮ ላይ የተለመደው ፍጥነት 9600 ነው።

ሁለት ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። አንዱ፣ ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ካለና የስዊቹ መብራቶች በአንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ካሉ ሉፕ፣ ማለትም ዞሮ ወደ ራሱ የተመለሰ ገመድ፣ ፈልጊ። አንድ ሰው የተንጠለጠለ ገመድ አይቶ ሁለተኛውን ጫፍ ግድግዳው ላይ ሰክቶት ይሆናል። ይህን የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ነው። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ውስጥ እያለች ነው የፈጠረችው። ርካሽ ስዊቾች ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ብቻ «ቀርፋፋ ነው» ካለሽ መጀመሪያ የሊንኩን ፍጥነት እዪ። ጊጋቢት አራቱንም የሽቦ ጥንዶች ይፈልጋል። አንዱ ጥንድ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል እንጂ አይቋረጥም። ገመድ ቀይሪና እዪው።

ወደ ሲሲኤንኤ። አዎ፣ ተፈተኚ። ግን የመዘገብሽውን ኔትወርክ ካርታ ስለሽ ከጨረስሽ በኋላ ብትጀምሪ ግማሹ መንገድ ተሄዷል። 200-301 የሚባለው ፈተና ቀድሞ የነበሩትን የተበታተኑ ሲሲኤንኤዎች ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ የተካ ነው። 120 ደቂቃ ይፈጃል። ሰርተፍኬቱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የያዘው ራውቲንግ ያለበት የአይፒ ግንኙነት ክፍል ነው። የኔትወርክ መሠረትና ቪላን ያለበት የአክሰስ ክፍል 20፣ 20 በመቶ ይዘዋል። ደህንነት 15፣ እንደ ዲኤችሲፒና ዲኤንኤስ ያሉ አገልግሎቶች 10፣ አውቶሜሽን 10። ርዕሶቹ አልፎ አልፎ ስለሚታደሱ ማጥናት ስትጀምሪ የሲስኮን ዝርዝር አውርጂ። ኔትወርክ ፕላስ የሚባለው የኮምፕቲያ ፈተናም አለ። በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ አይንጠለጠልም፣ ቀለል ይላል። እጅሽ ላይ ሕይወት ያለው ኔትወርክ እያለ ግን እኔ ሲሲኤንኤን እመርጥልሻለሁ። ኮንፊገሬሽን እንድትጽፊ ያስገድድሻል።

ልምምዱን መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ላይ አታድርጊው። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ላይ ተመዝግበሽ ታወርጂዋለሽ። የመሥሪያ ቤትሽን ኔትወርክ፣ ከነስዊቹ ከነቪላኑ፣ እዚያ ውስጥ ሥሪው። ከዚያ አንዱን ገመድ ንቀይ፣ ፑሉን አሳንሺ፣ ምን እንደሚሆን እዪ። በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየውን ዋየርሻርክንም ጫኚ። ኮምፒውተሩ አድራሻ ሲጠይቅ የሚላኩትን አራቱን መልእክቶች፣ ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክ፣ አንዴ በዓይንሽ ካየሻቸው ከጭንቅላትሽ አይወጡም። ሰብኔቲንግን በእጅ ተለማመጂ፣ ካልኩሌተር ሳትነኪ። /26 ሲባል 64 አድራሻ፣ 62ቱ ለዕቃ የሚሰጡ ብለሽ ሳታመነቺ እስክትመልሺ ድረስ። የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን መሸምደድ ግን ተዪው። ከተያዝሽ ሰርተፍኬቱ ይሰረዛል። ባትያዢም ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ቃለ መጠይቅ ካነሳን፣ እኔ ሰው ስቀጥር የምጠይቀው ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው ኢንተርኔት የለም ብሎ ደወለ፤ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነው። ራውተሩን ሪስታርት አደርጋለሁ የሚለኝን አልፈዋለሁ። «ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?» ብሎ መልሶ የሚጠይቀኝን እሰማዋለሁ። ሲቪሽ ላይም «ኔትወርክ አስተዳድራለሁ» ብለሽ አትለፊ። «የዲኤችሲፒ ፑል እያለቀ በተደጋጋሚ ይቋረጥ የነበረ የ80 ኮምፒውተር ኔትወርክ መንስኤውን አግኝቼ የእንግዳ ዋይፋዩን በቪላን ለየሁ» ብለሽ ጻፊ። በእርግጥ መጀመሪያ ሥሪው።

ጓደኞችሽ ክላውድ ተማሪ ማለታቸው ክፉ ምክር አይደለም። ኔትወርክ አልቆለታል ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። የአማዞን ክላውድ ላይ ሰርቨር ከመክፈትሽ በፊት የምትሠሪው ቪፒሲ የሚባል ኔትወርክ ነው። ሰብኔት ትከፍያለሽ፣ ራውቲንግ ሰንጠረዥ ትጽፊያለሽ፣ የፋየርዎል ሕግ ታወጪያለሽ። እያንዳንዱ ሰብኔት ውስጥ አማዞን 5 አድራሻ ለራሱ ይይዛል። ስለዚህ ሰብኔቲንግ የማያውቅ ሰው ትንሽ ሰብኔት ከፍቶ አድራሻ ያልቅበታል። ያው የአንቺ የጠዋት ችግር በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው። ሠራተኞቹ የሚጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮችም ከቢሮው በገመድ ወይም በዋይፋይ መገናኘታቸው አይቀርም።

በእርግጥ እየቀነሰ ያለ ሥራ አለ። 40 ስዊች ላይ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ በእጅ መጻፍ። ለዚህ ፓይተን በመጠኑ፣ ቀጥሎ ብዙ ዕቃ በአንዴ የሚያዝዘውን አንሲብልን ተማሪ። የመጀመሪያው ስክሪፕትሽ ቀላል ይሁን። ሌሊት ሌሊት የስዊቾቹን ኮንፊገሬሽን እየቀዳ የሚያስቀምጥ። ስክሪፕቱ የሚያነብ እንጂ የሚቀይር ስላልሆነ ቢሳሳትም ቤቱን አይጥልም። የኤአይ መሣሪያዎችንም ተጠቀሚ፣ ያልገባሽን የስህተት መልእክት ለማስረዳት ጎበዝ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ኮንፊገሬሽን እንዳለ ገልብጠሽ ግን አትለጥፊላቸው። ሲስኮ ላይ «ታይፕ 7» ተብሎ የተቀመጠ ፓስወርድ የተደበቀ ይመስላል እንጂ በሰከንድ ይፈታል።

አንድ የቀረ ነገር፣ አለቃሽ። ማኔጅድ ስዊች ስትጠይቂ «ቴክኖሎጂው አርጅቷል» አትበይ። ማንም አይሰማሽም። ከነገ ጀምሮ ኔትወርኩ የጠፋበትን ቀን፣ ሰዓትና ሥራ የፈታውን ሰው ብዛት ጻፊ። የአንድ ወር መዝገብ ይዘሽ ግቢ። በዚያው ወረቀት ላይ መጠባበቂያ ስዊች፣ ለራውተሩ ዩፒኤስ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የጥገና ጊዜ ጠይቂ። የሲሲኤንኤውን የፈተና ክፍያም አስገቢበት። የአይቲ ሠራተኛቸው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ እምቢ ለማለት ይከብዳቸዋል።